የደራሲ ስም

ማጉያው አንድ ነበር፣ ቀዳዳው ሁለት፣
እኛ ግን አራት።
አንዱን ሽኩር በጊታሩ ያዘው፣ አይለቅም፤
ሌላው የኔና የአሰገደች ነው፣ ለሁለት አይበቃም።
እሷ ስታዜም የባሴ ገመድ ይነቀላል፣
ትንፋሽ ስትሰበስብ የሷ ወጥቶ የኔ ይሰካል፤
ነቃዩም ሰኪውም እኔ።
የሰማን ሁሉ፦ «ያቺ በመሐል የምትገባው ዝምታ
ምን ያለች ጥበብ ናት!» ይለናል፣ ማታ ማታ።
የቀዳዳ እጦት ነው ብሎ ማን ይንገረው?
ቆየት ብሎማ እኛም ጥበብ ነው አልነው።

ዘመኑ ሃምሳ ዘጠኝ።
ሒርማታ ጀርባ፣ የሐጂ የቡና መጋዘን
ከመግሪብ በኋላ ይከፈትልናል፤
ኪራያችን አይጥ ማባረር።
በኅዳር ጆንያው እስከ ጣራ ሲከመር
ድምፃችን ይደርቃል፣ አንዲት ምት አትዞር፤
ያኔ እንፈጥናለን።
በሰኔ ቡናው ተጭኖ ሲያልቅ ግን
ባዶው ግድግዳ ያልነውን ይመልስልናል፤
ያኔ ቀስ እንላለን፣ እስኪመለስ እንጠብቃለን።
ክረምቱ ሲከፋ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው
ከመርጊያ በላይ ከበሮ ይመታል፤
መርጊያም ይናደድና የትሬንታ ኳትሮ ጎማ ክዳኑን
በመፍቻ ሲወቅረው ሰማይ ይሸነፋል።
አንዳንዴ።

አሰገደች ቀን ቀን ቴሌ ናት።
«ሃሎ ጅማ፣ ሃሎ ጅማ፣ አጋሮ ይጠብቁ» ስትል
ድምጿን የማያውቅ የለም፣ ፊቷን የሚያውቅ ጥቂት።
አንድ ማታ ያንኑ «ይጠብቁ» አመጣችና
ዘፈን መጀመሪያ ላይ ጣለችው።
ሽኩር ከአባቱ የልብስ ስፌት መኪና
የተማረውን ሩጫ ከሥሩ ሰፋላት።
መርጊያ የሚያነክስ እግሩን አበደራት።
እኔስ? እኔ ምን አመጣሁ?
የጆንያ መስፊያ ወስፌ የወጋት ጣት።
አራተኛው ምት ላይ ቆጠቆጠችኝ፣ ዘገየሁ፤
ዜማው ጥሎኝ ሄደ፣ ሮጬ ደረስኩበት፣ ተጋጨን።
ሽኩር «አበላሸኸው!» ብሎ ጊታሩን አስቀመጠ።
አሰገደች ሳቀች።
መርጊያ «ድገመው» አለ።
«በትክክል?»
«አይ። ስህተቱን።»

ስህተት መድገም ከባድ ነው፤ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።
ጣቴ ድና ስለነበር ሕመሙን ማስታወስ ነበረብኝ።

ተዋደን ብቻ አልኖርንም።
በአንድ የተዋስኩት ሸሚዝ የተነሳ
እኔና ሽኩር ሁለት ወር አልተነጋገርንም፤
እየተጫወትን ግን! «ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ ይፍጠን»፣
«ለዚያኛው ንገረው፣ ጆሮ ይግዛ» እያልን፣
መርጊያ በመሐል ከበሮም ፖስተኛም ሆኖ።
ያን ሁለት ወር ያህል ተስማምተን አናውቅም።

አዲስ አበባ፣ ሸክላ የሚያሳትም ሰው
ሰማን፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወረቀት ሰጠን።
«ደራሲ» ይላል፤ ከጎኑ አንድ መስመር፣
አጭር፣ ለአንድ ሰው ስም የምትበቃ።
ሽኩር እስክሪብቶውን ከፈተ።
አሰገደች ጣራ ጣራውን አየች። መርጊያ ጫማውን።
እኔ ጣቴን።
ሽኩር እስክሪብቶውን ከደነ።
ማንም ማንንም አልሰደበም፤ የከፋው እሱ ነው።
ሰውየው ሻይ አዘዘልን። ቀዘቀዘ።

ግቤ በረሃ ላይ የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳ፤
ወርደን ቆምን፣ አራታችን በአራት አቅጣጫ።
ጅማ ስንገባ «ማጉያው የማን ቤት ይደር?» ተባለ፤
ሁሉም ቤቱ ጠባብ ሆነ።
በዚያው ዓመት ሐጂ መጋዘን አይጥ ገባ ሲሉ ሰማሁ።

ትናንት አወይቱ ድልድይ ሥር፣ ባጃጅ የሚያጥብ ልጅ
ያቺን ዜማ ያፏጫል።
«የማን ናት?» አልኩት።
«እኔንጃ፣ ዝም ብላ ያለች ናት» አለና ቀጠለ።
አራተኛው ምት እስኪደርስ ቆሜ ጠበቅሁ።
ልጁ ዘገየ፣
ሮጦ ደረሰባት፣ ተጋጨ፣ አለፈ።
ጣቴን ቆጠቆጠኝ።